ፊቱን ወደ ካናዳ ያዞረው ጎተራ

ኤልናታን፦ የጎተራ በር ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚሆነው!

ዜናስ፦ እኔስ ከኋላ ነው አልኩ? ፊቱ በየት በኩል ነው?

ኤልናታን፦ በሩ ባለበት በኩል ነዋ!

ዜናስ፦ እንግዲያው ይኸው፣ በሩ ፊቱ ላይ ነው። ምን አጠፋሁ?

ኤልናታን፦ ያጠፋኸውማ ፊቱን ወደ ካናዳ ማዞርህ ነው!

ዜናስ፦ ጎተራ ፊቱን ወደ ካናዳ ካዞረ ይታሰራል እንዴ መምህር?

(ይህ ክርክር የተነሳው በአሜሪካዋ ቨርሞንት ሰሜን ጫፍ፣ ከድንበሩ ድንጋይ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ኮረብታ አናት ላይ ነው። ፕሬዚዳንት ጀፈርሰን ሥልጣን ከያዘ ስምንተኛው ዓመት ነበር፤ የመኸሩ ነፋስ የጫካውን ቅጠል አቅልቶ ጨርሷል። ኤልናታን ዊፕል የመንደሩን ልጆች ሃያ ዓመት ፊደል ያስቆጠረ መምህር ነው። ከበጋው ወዲህ ደግሞ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሹሟል፤ ጋዜጣ ከብብቱ፣ መዝገብ ከኪሱ አይጠፋም። የማያውቀው ነገር የለም፤ ካለም እሱ አያውቀውም። ዜናስ ታትል ገበሬ ነው። ጫካ ይመነጥራል፣ ግንዱን ያቃጥላል፣ አመዱን አፍልቶ ፖታሽ ያወጣል። ፖታሹን ሳሙና ሠሪውም መስታወት ሠሪውም ይሻማበታል፣ ግን ገበያው ሞንትሪያል ነው፤ ሞንትሪያል ደግሞ ከድንበሩ ማዶ። መንደርተኛው ስለ ዜናስ ሲናገር “ልቡ ደግ ነው” ይልና ስለ ጭንቅላቱ ዝም ይላል።)

ኤልናታን፦ ስምህ ዜናስ ነው፣ ዜና ግን የለህም! በአገሪቱ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ታውቃለህ?

ዜናስ፦ አውቃለሁ እንጂ። ጨው የለም።

ኤልናታን፦ ከጨው በላይ የሆነ ነገር!

ዜናስ፦ ከጨው በላይማ ሥጋው ነው። እሱም ጨው ካልነካው ይሸታል።

ኤልናታን፦ እምባርጎ ነው የምልህ ሰውዬ! እምባርጎ!

ዜናስ፦ እምባ አርጎ? ማንን?

ኤልናታን፦ ማንንም! እም... ባር... ጎ!

ዜናስ፦ ማንንም ካልሆነ የማን እምባ ነው ታዲያ? ከትናንት ወዲያ ባለቤቴ ባዶውን የጨው ገንቦ አይታ አልቅሳለች። እሷን ነው?

ኤልናታን፦ (ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ስቦ) ቁጭ በል። እዚህች ጉቶ ላይ። እንደ ሕፃን ላስረዳህ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ይዋጋሉ።

ዜናስ፦ እሱንማ አያቴም ነግሮኛል።

ኤልናታን፦ አሁንም ይዋጋሉ! በመሃል የእኛ መርከብ ባሕር ላይ ሲወጣ እንግሊዝ ይይዘዋል፤ ከእንግሊዝ ሲያመልጥ ፈረንሳይ ይይዘዋል። ስለዚህ ፕሬዚዳንታችን ምን አደረገ? ጦርነት አወጀ? አላወጀም! “አልሸጥላችሁም፣ ከእናንተም አልገዛም” ብሎ መርከቦቹን ሁሉ ወደብ ላይ አሰራቸው።

ዜናስ፦ የእንግሊዝን?

ኤልናታን፦ የእኛን።

ዜናስ፦ እሺ። የሰረቁን እነሱ፣ የታሰርነው እኛ።

ኤልናታን፦ ዘዴ ነው! እንግሊዝ ያለ እኛ እህል፣ ያለ እኛ ጥጥ፣ ያለ እኛ እንጨት ስንት ቀን ትቆያለች? ትራባለች! ስትራብ ትለምናለች!

ዜናስ፦ ቆይ ቆይ መምህር፣ እንዲገባኝ ነው። ተኩላ በጎቼን በላብኝ። እኔ ደግሞ ተኩላውን ለማስራብ የቀሩትን በጎች በረት ውስጥ ቆለፍኩ።

ኤልናታን፦ እንዴ! ገባህ እኮ!

ዜናስ፦ በጎቹስ ምን ይበላሉ?

ኤልናታን፦ በጎቹ... ለአገራቸው ሲሉ ይታገሣሉ።

ዜናስ፦ እሺ። እኔ ግን መርከብ የለኝም።

ኤልናታን፦ ሕጉ ሰፋ! ካናዳ የእንግሊዝ ግዛት ስለሆነች ከፀደይ ወዲህ በየብስም ክልክል ነው። በጋሪ ቢሉ በጋሪ፣ በበረዶ ላይ ጎትቶ ቢሆን፣ በጀርባ ተሸክሞ ቢሆን፣ ከዚያች ድንጋይ ማዶ ምንም ዕቃ አይሻገርም።

ዜናስ፦ በአሳማስ?

ኤልናታን፦ አሳማ ደግሞ ምን ይጭናል?

ዜናስ፦ ራሱን። ቡሬዋ አሳማዬ ባለፈው በጋ አጥር ጥሳ ማዶ ሄደች። ማዶ ያለው ገበሬ ባቲስት ዘንድ አውራ አሳማ አለ። ሦስት ቀን ቆይታ ተመለሰች፤ አሁን ስምንት ወልዳለች። እኔን ያስጨነቀኝ ግልገሎቹ ከውጭ አገር የገባ ዕቃ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ነው።

(ኤልናታን መዝገቡን አውጥቶ ገለጠ፤ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ከላይ እስከ ታች አየ። ስለ አሳማ እርግዝና የተጻፈ ነገር አጣበት። ዘጋውና ጉሮሮውን ጠረገ።)

ኤልናታን፦ የበላዮቼን እጠይቃለሁ።

ዜናስ፦ ይጠይቁልኝ። ግልገሎቹን አሁን አሁን አላምናቸውም፤ ሁሉም ወደ ሰሜን ዞረው ነው የሚተኙት።

ኤልናታን፦ ቀልደኛ! የዚህ ፕሬዚዳንት ውለታ አልገባህም እንጂ እንደዚህ አታላግጥም ነበር። ቀረጥ ማን ነው ያነሳልን? የውስኪውን ቀረጥ!

ዜናስ፦ ያን ጊዜ አመስግኜዋለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ነው ያመሰገንኩት። አራተኛው ቀን ላይ ራሴን አሞኝ ተውኩት።

ኤልናታን፦ ብዙ ወታደር አያስፈልግም ብሎ ወጪ ቀነሰ። ትልልቅ የጦር መርከብ አያስፈልግም ብሎ ባሕር ዳሩን የሚጠብቁ ትንንሽ ጀልባዎች አሠራ። መድፍ አላቸው!

ዜናስ፦ ስለ ጀልባዎቹ እንኳ ሰምቻለሁ። አንዷን ማዕበል አንስቶ የበቆሎ እርሻ ላይ አስቀመጣት አሉ። እዚያ በደቡብ፣ ጆርጂያ።

ኤልናታን፦ እሱ... እሱ ነፋስ ነው! አደጋ ነው!

ዜናስ፦ እኔ መች ነቀፍኩ። በዚያ ዓመት ያንን በቆሎ አንድም ወፍ አልነካውም ይባላል።

ኤልናታን፦ (ጋዜጣውን ጭኑ ላይ እየመታ) ሉዊዚያናንስ? ሉዊዚያናን ማን ገዛልን?

ዜናስ፦ ሉዊዛና አናን? ሁለቱንም?

ኤልናታን፦ ሉ-ዊ-ዚ-ያ-ና! አንድ ናት!

ዜናስ፦ አንድም ትሁን ሁለት፣ ሰው መግዛት በቨርሞንት ሕግ ክልክል ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሕገ መንግሥቱን ያነበቡልን እርስዎ ነዎት።

ኤልናታን፦ ሰው አይደለችም! መሬት ናት! ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ዳርቻው የማይታይ መሬት! ከፈረንሳይ ነው የገዛነው።

ዜናስ፦ እ! መሬት ነው። ሰው አይደለም የሚገዛው ሰውዬው።

ኤልናታን፦ መሬት!

ዜናስ፦ ቨርጂኒያ እርሻው ላይ የሚያርሱለት ባሮቹስ?

(ኤልናታን ጋዜጣውን አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው፤ እንደገና አጠፈው።)

ኤልናታን፦ ስለ እሱ ጋዜጣው አልጻፈም።

ዜናስ፦ እሺ። እኔም አላነበብኩም። ያ የተገዛው መሬት ላይ ግን ሰው አለበት?

ኤልናታን፦ አለበት። ቀይ ሕንዶች አሉ። ብዙ ናቸው።

ዜናስ፦ እነሱ ናቸው የሸጡት?

ኤልናታን፦ ፈረንሳይ ነው የሸጠው አልኩህ!

ዜናስ፦ ፈረንሳይ እዚያ ይኖራል?

ኤልናታን፦ አይኖርም።

ዜናስ፦ አሁን ገባኝ። እኔ የባቲስትን ላም ለእርስዎ ብሸጥልዎ ሉዊዚያና ትባላለች።

ኤልናታን፦ አልገባህም! ምንም አልገባህም! ድንጋይ ባስተምር ይሻለኝ ነበር!

(ዜናስ አልተቀየመም። ከጉቶው ተነስቶ የጎተራውን ግድግዳ መታ መታ አደረገ። ጎተራው ከአናቱ እስከ መሠረቱ አዲስ ግንድ ነው። ወለሉ ግን ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ኮረብታው ወደ ሰሜን አዘቅዝቋል። ሰባት በርሜሎች በጎናቸው ተጋድመው በሩ ድረስ ተደርድረዋል፤ ከበስተጀርባቸው ጭድ ተከምሯል። በሩን የያዘው አንድ ወፍራም ሳንቃ፣ ሳንቃውን የያዘው አንድ ሽብልቅ ነው። ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከድንበሩ ድንጋይ ማዶ፣ ትልቅ የሣር ክምር ይታያል።)

ዜናስ፦ መምህር፣ አይቆጡ። እኔ የምጠይቀው ክፋት ኖሮብኝ አይደለም። ሰዉ ሁሉ ይህን ሰውዬ ሲሰድብ እርስዎ ብቻ ነዎት የሚቆሙለት። በወረዳችን ሐይቅ ዳር ያለነውን ሁሉ አመፀኛ ብሎ አዋጅ ሲያስነግርብን እንኳ አልተዉትም። ምን አርጎልዎት ነው?

(ኤልናታን ጋዜጣውን ጉቶው ላይ አስቀመጠና ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር ጫነበት።)

ኤልናታን፦ ወንድሜን ሎትን ታስታውሰዋለህ?

ዜናስ፦ የፈረሴን ጭራ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ገመድ ጋር ያሰረው? እንዴት እረሳዋለሁ! ለቀብር ነው ብሎ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ።

ኤልናታን፦ (ፈገግ ሊል ሞክሮ) አዎ፣ እሱ። ከሴለም ወደብ በወጣች መርከብ ላይ ተቀጥሮ ነበር። ዓሣ ነበር የጫኑት፤ ደረቅ ዓሣ። የእንግሊዝ የጦር መርከብ መንገድ ላይ አስቆማቸው። አንድ መኮንን ወጥቶ ሰዎቹን አሰለፈና “አንተ አነጋገርህ የእንግሊዝ ነው” ብሎ ወሰደው። በቃ። እዚህ የተወለደ ልጅ! የሰው ንጉሥ መድፍ ሲያጎርስ ይኸው ሁለት ዓመቱ፤ ይኑር ይሙት አናውቅም። እናታችን በሩን እያየች ሞተች።

ዜናስ፦ (ባርኔጣውን አውልቆ) እግዜር ያጥናችሁ።

ኤልናታን፦ እንግዲህ ያን ጊዜ ሁሉም “ጦርነት! ጦርነት!” አለ። ቢዋጉ ደግሞ ስንት ሎት ይሄዳል? ይህ ሰውዬ “ጥይት ሳልተኩስ፣ ገበያዬን ዘግቼ ልሞክረው” አለ። ምናልባት ሞኝነት ነው። እኔ ግን ሞኝነቱን ወደድኩለት።

(ከታች የባቲስት ውሻ ጮኸ። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ቁልቁል ወደ ካናዳ አዩ። ካናዳ ከዚህኛው ወገን በምንም አትለይም፤ ቅጠሉም እኩል ቀልቷል።)

ዜናስ፦ እኔም ልንገርዎ። ይህ በበርሜል የተጋደመው የሁለት ክረምት ግንድ ነው። እኔና ባለቤቴ ነን የጣልነው፤ እሷ አንዱን የመጋዝ ጫፍ ይዛ፣ ነፍሰ ጡር ሆና። ፖታሹ ካልተሻገረ ጨው አይመጣም። ጨው ካልመጣ አሳማዎቹን ማረድ አልችልም፤ ካላረድኩ በረዶ ሲወርድ የሚበላ የለም። ፕሬዚዳንቱ ይህን ያውቃል?

ኤልናታን፦ (በለሰለሰ ድምፅ) አያውቅም ዜናስ። ፈላስፋ ነው እንጂ አሳማ አርቢ አይደለም። እኔም አዝናለሁ። ሕግ ግን ሕግ ነው።

ዜናስ፦ ታዲያ አሁን በርሜሎቼን ሊወስዷቸው ነው የመጡት?

ኤልናታን፦ አይ፣ ካለበት ያልተንቀሳቀሰ በርሜል መንካት አልችልም። ሕጉ ዕቃ በገዛ ጎተራህ እንዳታስቀምጥ አይከለክልህም። መያዝ የምችለው ሲሄድ ነው። ሲሄድም የሚያስሄደውን እጅ ነው የምይዘው።

ዜናስ፦ የሚያስሄደው እጅ የትኛው ነው?

ኤልናታን፦ (ወደ በሩ ቀርቦ፣ እንደ ጥንቱ ክፍል ውስጥ እንደቆመ አመልካች ጣቱን ቀስሮ) ይቺን ሽብልቅ የነቀለ እጅ! ሞኝ መሰልኩህ? ሽብልቋ ስትነቀል ሳንቃው ይወድቃል፣ በሩ ይከፈታል፣ በርሜሉ ተንከባልሎ ካናዳ ይገባል! ባለቤቱ “በራሱ ሄደ፣ የእግዜር ሥራ ነው” ይላል! እኔ ግን እዚህ ተቀምጬ ያንን እጅ እጠብቃለሁ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም!

(ዜናስ ሽብልቁን አየ፤ በርሜሎቹን አየ፤ ካናዳን አየ። ከዚያ ሳቁን መቆጣጠር እንዳቃተው ሰው ሆዱን ያዘ።)

ኤልናታን፦ ምን ያስቅሃል?

ዜናስ፦ ይቅርታ መምህር። እርስዎን የመሰለ የተማረ ሰው ሲሳሳት ማየት... በርሜል እንዴት አድርጎ ነው ወደ ካናዳ የሚንከባለለው?

ኤልናታን፦ ቁልቁል ነዋ!

ዜናስ፦ ካናዳማ ዳገት ናት።

ኤልናታን፦ ምን አልክ?

ዜናስ፦ ዳገት። ከላይ ናት። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ካርታ አላየሁም መሰለዎት? ካናዳ ከላይ ነው ያለችው። እኛ ከሥሯ ነን። ከእኛ በታች ደግሞ ማሳቹሴትስ። በርሜል ከታች ወደ ላይ ሲወጣ አይተው ያውቃሉ?

ኤልናታን፦ አንተ ሰው! ካርታ ሌላ፣ ኮረብታ ሌላ! ከላይ የተሣለው ሰሜን ስለሆነ ነው!

ዜናስ፦ ሰሜን ከላይ ነው አይደል?

ኤልናታን፦ በወረቀት ላይ!

ዜናስ፦ ታዲያ የድንበሩን መስመር የት ነው ያሠመሩት? ወረቀት ላይ አይደለም? መስመሩ ላይ ወረቀቱን ካመኑ፣ ዳገቱም ላይ ይመኑት እንጂ። ሲፈልጉ ብቻ ነው እንዴ ወረቀት የሚታመነው?

ኤልናታን፦ (ፊቱ በርበሬ መስሎ) ወደ ታች እይ! በዓይንህ እይ! ቁልቁለት አይደለም?

ዜናስ፦ ዓይን ያታልላል። ምድር ክብ ናት ያሉት እርስዎ አይደሉም? እኔ ጠፍጣፋ ሆና ነው የምትታየኝ።

ኤልናታን፦ ምድር ክብ መሆኗና... ተወው! ኮረብታ... ክብደት ያለው ነገር ሁልጊዜ...

ዜናስ፦ ይሄማ በሬም አይነቀንቀው። ሦስት ሰው ነው ያስገባው። ቢከፈትም እንደ ተኛ ይቀራል። ቢያንከባልሉት እንኳ ቢበዛ ወደ ታች፣ ወደ ማሳቹሴትስ ይሄዳል እንጂ...

ኤልናታን፦ ወደ ማሳቹሴትስ! (ባርኔጣውን መሬት ላይ ጣለ) ሃያ ዓመት! ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ለዚህ ነው? ና ወዲህ! ቁም እዚህ! ዓይንህን ክፈት! የመጀመሪያዋን በርሜል ብቻ፣ ለአንድ ክንድ ያህል ነው የምለቅልህ፤ ከዚያ በእግሬ አቆማታለሁ። ወደ የት እንደምታዘነብል ትነግረኛለህ!

ዜናስ፦ ይተዉ መምህር፣ ሽብልቁ ጠብቋል፤ አይነቀልልዎትም።

ኤልናታን፦ አይነቀልልኝም?

(ኤልናታን እጅጌውን ሰብስቦ ሽብልቁን በሁለት እጁ ያዘ፤ እግሩን ግድግዳው ላይ ተክሎ ሳበ። ሽብልቁ ቅቤ የተቀባ ይመስል ሾልኮ ወጣ፤ ኤልናታን በቂጡ ተቀመጠ። ሳንቃው ወደቀ። በሩ ተበረገደ። አንደኛው በርሜል እንደ ባለሥልጣን ቀስ ብሎ ወጣ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉት። የቀሩት አልተጠባበቁም፤ ጎተራው እስኪነቀነቅ ድረስ እየተጋፉ፣ እየዘለሉ፣ ቁጥቋጦውን እየጨፈለቁ፣ በድንበሩ ድንጋይ ግራና ቀኝ አልፈው የሣሩ ክምር ውስጥ ሰመጡ።)

ዜናስ፦ (ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ) ለካ ቁልቁለት ነው!

ኤልናታን፦ ያዝ! ያዘው! አቁመው! በሕግ ስም!

(ኤልናታን ቁልቁል ሮጠ። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ አንድ እግሩ ማዶ ሊያርፍ ሲል ትዝ አለውና በአንድ እግሩ ቆሞ ተንገዳገደ፤ ድንጋዩን አቅፎ ቆመ። ባቲስት ከሣሩ ክምር ጀርባ ብቅ አለ፤ ፈረንሳይኛ አፉን የፈታ ካናዳዊ ገበሬ ነው፤ ፂሙ ላይ ሣር ተሰክቷል፣ ጋሪው ተጠምዶ ቆሟል።)

ባቲስት፦ እንደምን ዋሉ ጌታው! ዛሬ እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚልኩት? መንግሥት ሐሳቡን ለወጠ እንዴ?

ኤልናታን፦ ያንን ዕቃ አትንካ! መልስ!

ባቲስት፦ በደስታ ነበር። ግን ዳገት ነው!

(ኤልናታን እያለከለከ ወደ ጎተራው ተመለሰ። ዜናስ ጉቶው ላይ ተቀምጦ የባርኔጣውን አቧራ እያራገፈለት ነበር።)

ኤልናታን፦ አለቀልኝ። ሪፖርት መጻፍ አለብኝ። ዛሬውኑ። “የሚያስሄደውን እጅ” የሚለው... (እጆቹን አየ) እግዚአብሔር ይየው!

ዜናስ፦ ይጻፉት እንጂ ምን ችግር አለ? እኔ ልንገርዎ፣ እርስዎ ይጻፉ። ቀስ ብለው። “በዛሬው ቀን የጎተራውን ደህንነት መረመርኩ።”

ኤልናታን፦ (ሳያስበው እየጻፈ) ...መረመርኩ።

ዜናስ፦ “ሽብልቁ እንደላላ አገኘሁት።”

ኤልናታን፦ አልላላም ነበር!

ዜናስ፦ ከነቀሉት በኋላ አልላላም?

ኤልናታን፦ ...ላልቷል።

ዜናስ፦ ይኸው፣ ውሸት አልጻፉም። “በርሜሎቹን ለማቆም በራሴ እግር እስከ ድንበሩ ድንጋይ ሮጫለሁ።” እሱም እውነት ነው። “የውጭ አገር መሬት አልረገጥኩም።” ይህቺን ከሥሯ ያሥምሩባት፤ ዋሽንግተን ያሉት ይወዷታል።

(ኤልናታን አሠመረ። ከዚያ ብዕሩ በአየር ላይ ቀረ። ሃያ ዓመት ሌላውን ያጻፈ ሰው፣ ዛሬ ዜናስ ታትል እያጻፈው መሆኑ ገና አሁን ታወቀው። ከታች ባቲስት በሁለት እጁ አፉን ከቦ ተጣራ።)

ባቲስት፦ ዜናስ! ሰባት አላልከኝም ነበር? ዘጠኝ ነው የመጣው! ሁለቱ ላይ ኬ እና ደብሊው የሚል ተጽፏል! የማን ልበል?

ኤልናታን፦ ዘጠኝ? እኔ ስቆጥር ሰባት ነበር!

ዜናስ፦ ሁለቱ ጭዱ ሥር ነበሩ።

ኤልናታን፦ ኬ እና ደብሊው ማን ነው? (ወደ ታች እየጮኸ) ያቺ ኬ! ጭራዋ ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው?

ባቲስት፦ እንደ አይጥ ጭራ!

ኤልናታን፦ (ቀስ ብሎ) ያንን አጻጻፍ በዚህ አገር ለአንድ ሰው ብቻ ነው ያስተማርኩት። ኬዝያ ዊፕል። ሚስቴ!

ዜናስ፦ ጥሩ ፖታሽ ነው የምታወጣው። ከእኔው ይነጣል።

ኤልናታን፦ ከመቼ ጀምሮ?

ዜናስ፦ እርስዎ ከተሾሙ ጀምሮ። ቀኑን ሙሉ እኔን ሲጠብቁ ቤት የሉማ። እንዲያውም የዛሬውን ነገር ያቀናችው እሷ ናት። እኔማ ጭንቅ ላይ ነበርኩ፤ ጎተራውን ሠራሁ፣ እርስዎ ደግሞ እንደ ጉቶ እዚህ ተተክለው አይነቃነቁም። ሄጄ “ምን ላርገው? ልለምነው? ልደብቀው?” አልኳት። “አትለምነው፣ አትደብቀውም፤ ባሌ ስህተት ሲያይ እጁ አርፎ አይቀመጥም። ተሳሳትለት ብቻ” አለችኝ።

ኤልናታን፦ ተሳሳትለት?

ዜናስ፦ እንደሱ ነው ያለችኝ። ሽብልቁንም ስብ ቀብተህ አስቀምጠው ያለችኝ እሷ ናት።

(ኤልናታን ባዶው ጎተራ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እንደሚያመው ሰው ግንባሩን ያዘ።)

ኤልናታን፦ ዜናስ... እኔ ቤት እኮ ጨው አለ።

ዜናስ፦ አለ?

ኤልናታን፦ ሾርባው ጨው አለው። በጋውን ሙሉ ጨው ነበረው! አንድ ቀን “ኬዝያ፣ ጨው ከየት አገኘሽ?” አልኳት። “ጨው ከዛፍ ነው የሚገኘው” አለችኝ።

ዜናስ፦ እርስዎስ ምን አሏት?

ኤልናታን፦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ባሕር አስተማርኳት! ስለ ፀሐይ፣ ስለ ትነት፣ የጨው ማዕድን በየትኛው አገር እንዳለ... አገጯን ይዛ “ወይ ጉድ፣ ለካ እንደዚህ ነው” ስትል፣ ከየት እንዳመጣችው መጠየቄን ረሳሁት።

ዜናስ፦ እውነቷን ነው የነገረችዎት መምህር። ዛፉ አመድ ይሆናል፣ አመዱ ፖታሽ ይሆናል፣ ፖታሹ ማዶ ሄዶ ጨው ሆኖ ይመለሳል። ከዛፍ ነው እንጂ ከየት ይመጣል?

(ከታች የባቲስት ጋሪ እየተንቋቋ ሄደ። ኤልናታን በዓይኑ ሸኘው፤ ለመጮህም ለመነሳትም አልሞከረም።)

ኤልናታን፦ ታዲያ አሁን ቤት ስገባ ምን ልበላት?

ዜናስ፦ ምንም አይበሏት። ይጠይቋት። ስትነግርዎ ደግሞ “አልገባኝም፣ አስረጂኝ” ይበሏት።

ኤልናታን፦ አልገባኝም ልበል? እኔ?

ዜናስ፦ ይለማመዱት እስቲ፤ እዚህ ሰው የለም።

ኤልናታን፦ አል... (ጉሮሮውን ጠረገ) አልገ... አልገባ...

ዜናስ፦ አይቸኩሉ መምህር፣ ቀስ እያለ ይመጣል። እኔም እርስዎ ትምህርት ቤት ስማር፣ እንደማይገባኝ መምሰሉን ለመልመድ አንድ ክረምት ሙሉ ነው የፈጀብኝ።